እማሆይ ጾመኛ ናቸው፤ ትእዛዙ ደግሞ ኢንሱሊን ስጪ ይላል

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በነርስነት እሠራለሁ። ከምንጦራቸው እናቶች አንዷ የ74 ዓመት መነኩሲት ናቸው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ኤንፒኤች ኢንሱሊን ጠዋት 20 ዩኒት፣ ማታ 10 ዩኒት፣ ከደም ግፊቱ ክኒን ከኢናላፕሪል ጋር እንድንሰጣቸው ጽፎ ሄደ። ፍልሰታ ሲገባ ግን እማሆይ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም አሉ። እኔም ፈርቼ አንዳንድ ቀን የጠዋቱን ኢንሱሊን ግማሹን ሰጠኋቸው፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ተውኩት። ኃላፊዬ ይህን ስታውቅ «የሐኪም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው» ብላ ስለ ተቆጣችኝ ነሐሴ 12 ቀን ጠዋት 20 ዩኒቱን ሰጠኋቸው። ያን ዕለት 7 ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቃቸው፤ ስሜ ጠፋባቸው፤ ስኳራቸው ሲለካ 48 ሆነ። ስኳር በጥብጠን አጠጥተናቸው ተመለሱ። ልጃቸው ደግሞ ከአዲስ አበባ እየደወለ «ያንን መርፌ ተዉላት» ይለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። የማንን ቃል ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያን ዕለት ፈጥነሽ ስኳር መበጥበጥሽ እማሆይን አትርፏል። ላቡን አይተሽ «ጾሙ አድክሟቸው ነው፣ ትንሽ ጋደም ይበሉ» ብለሽ ብታልፊ ኖሮ ዛሬ የምትጽፊልኝ ሌላ ነገር ነበር። አረጋውያን ላይ የስኳር ማነስ ድካም ይመስላል፤ እንቅልፍ ይመስላል፤ አንዳንዴ ቁጣ፣ አንዳንዴም ስትሮክ ይመስላል። አንቺ ግን መለካት እንዳለብሽ አስታወስሽ። የሚንቀጠቀጠው እጅሽ ይህን ሥራ ያወቀ እጅ ነውና እሱን ይዘሽ ቀጥዪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ። የኃላፊሽን ቃል፣ የልጃቸውን ቃል፣ የራስሽን ፍርሃት ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ምረጪልኝ ብለሻል። ከሦስቱ መካከል ያዘዘው ሐኪም የለም። ግማሽ የሰጠሽባቸው ቀናትና ሙሉውን የሰጠሽበት ቀን ላንቺ የተለያዩ ይመስሉሻል፤ አንደኛው እንቢታ፣ ሌላኛው ታዛዥነት። እኔ ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይን አያቸዋለሁ፤ በሁለቱም ጊዜ ሐኪሙ እማሆይ እንደማይበሉ አላወቀም። ኃላፊሽም አንቺም የተሳሳታችሁት እዚሁ አንድ ቦታ ላይ ነው።

ትእዛዙ መቼ እንደ ተጻፈ ልብ በዪ። ሐኪሙ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው ብለሻል። በዚያ በሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሐኪሙ ፊት የተቀመጡት እማሆይ ጠዋት እንጀራቸውን በልተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው የሚውሉ እናት ነበሩ። 20 ዩኒቱን ያዘዘው ለእኒያ እማሆይ ነው። ነሐሴ 12 ቀን መርፌውን የወሰዱት ደግሞ እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃ እንኳ የማይቀምሱ ናቸው። ስማቸው አንድ፣ ካርዳቸው አንድ፣ አልጋቸው አንድ ነው፤ ለኢንሱሊኑ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ኤንፒኤች፣ ያ ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን፣ ከተወጋ በኋላ ቀስ ብሎ ይነሣና ከ4ኛው ሰዓት እስከ 10ኛው ሰዓት ባለው ጊዜ ጉልበቱ ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሰጠሽ ከ5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ በሙሉ ኃይሉ ስኳሩን ሲያወርድ ይውላል ማለት ነው። የእማሆይ ማዕድ የሚቀርበው 9 ሰዓት ላይ ነው። 7 ሰዓት በዚሁ መሐል ነው። የሆነው ሁሉ በሰዓቱ የሆነ ነው፤ መድኃኒቱ እንደ ባሕርይው ሠራ። ከ9 ሰዓት በኋላ ደግሞ እንጀራው በሽሮ፣ ድንቹ፣ ዳቦው በአንድ ጊዜ ሲገባ ማታ ስኳራቸው ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ግማሽ መስጠቱም መፍትሔ አልነበረም፤ ቀኑን ያቀልል እንደሆነ እንጂ የማታውን አይመልስም። ይህን ለማስተካከል የጠዋቱንና የማታውን መጠን፣ ሰዓቱን፣ ምናልባትም የኢንሱሊኑን ዓይነት አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ያ ደግሞ የሐኪሙ ሥራ ነው።

በዝምታ መለወጥ ምን እንደሚያመጣ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ መጦሪያ ውስጥ መድኃኒት እንድቆጣጠር ተልኬ ነበር። አንድ አባት ነበሩ፤ በጉልምስናቸው ጣና ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠሩ የነበሩ። ልባቸው ደክሞ እግራቸው ያብጥ ስለ ነበር ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም በየጠዋቱ ታዝዞላቸዋል። ክረምት ነበር። ክኒኑ ሽንት ያበዛል፤ እሳቸው ደግሞ ሽንት ቤት ሳይደርሱ ልብሳቸው ይርሳል፤ ይበርዳቸዋል፤ ያፍራሉ። ተንከባካቢዎቹ አዘኑላቸው። በክፋት አልነበረም፤ አንጀታቸው አልችል ብሎ ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለሉ ይሰጧቸው ጀመር። መድኃኒት መሰጠቱ በሚመዘገብበት ቅጽ ላይ ግን በየቀኑ ምልክት ያደርጋሉ።

ሐኪሙ በወሩ ሲመጣ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ቅጹን አገላበጠ፤ አንድም ቀን አልተዘለለም። «40 አልበቃቸውም» አለና 80 አደረገው። በዚያው ሳምንት አዲስ ነርስ ተቀጠረች፤ ሥራዋን የምታከብር ልጅ። 80 ሚሊ ግራሙን ሳታዛንፍ በየጠዋቱ ሰጠቻቸው። በአራተኛው ቀን አባት ከአልጋቸው ሲነሡ ዓይናቸው ጨለመባቸውና ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልሄዱም። እኔ የደረስኩት ከዚህ በኋላ ነው። የቀደመውን ወር ክኒን ስቆጥር ቅጹ 30 ተሰጥቷል ይላል፤ ማሸጊያው ውስጥ 14 ክኒን ቀርቷል። እዚያ ቤት ማንም ክፉ አልነበረም። ሐኪሙ ባየው ነገር ላይ በትክክል ፈረደ፤ አዲሷ ነርስ የታዘዘችውን በትክክል ሰጠች፤ የፊተኞቹም በርኅራኄ ነው የዘለሉት። ያ የ14 ክኒን ዝምታ ግን እኒያን አባት ጣላቸው።

ስለዚህ መለየት ያለብሽ ነገር ይህ ነው፦ ማቆየትና መለወጥ አንድ አይደሉም። እማሆይ አልበሉም፣ አይበሉምም፤ ኢንሱሊኑ ይጎዳቸዋል ብለሽ ከፈራሽ መርፌውን ይዘሽ ቆይተሽ ወዲያው መደወል መብትሽ ብቻ ሳይሆን ግዴታሽ ነው። «ሐኪሙ አዞኛል» የሚለው ቃል ዓይንሽ እያየ ለሰጠሽው ጉዳት መሸሸጊያ አይሆንሽም። ሃያውን አሥር ማድረግ፣ የጠዋቱን ወደ ማታ ማዛወር፣ ለሳምንት ማቋረጥ ግን አዲስ ትእዛዝ መጻፍ ነው። ለሐኪሙ ካልነገርሽ ደግሞ ማቆየቱም ቢሆን ከዚሁ ይቆጠራል። አንዳንድ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ሲቋረጥበት በቀናት ውስጥ ለአደጋ ይዳረጋልና መተው ሁልጊዜ ከመስጠት የተሻለ ነው ብለሽ አታስቢ።

ስትደውዪ ካርዱን፣ የስኳሩን ውጤት፣ የግፊቱን ልክ ፊትሽ ዘርግተሽ፣ ብዕር በእጅሽ ይዘሽ ይሁን። የሐኪም ሰዓት አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ስልኩን የሚያነሣው ሌላ ሕመምተኛ አጠገብ ቆሞ ነው። «ዶክተር፣ እማሆይ ደክመዋል፣ ምን ላድርግ?» ካልሽው የሚመልስልሽም ያንኑ ያህል የላላ መልስ ነው። እንዲህ በዪው፦ «ዶክተር፣ ከመጦሪያው ነርሷ ነኝ። የምደውለው ስለ እማሆይ ነው፤ 74 ዓመታቸው ነው፤ ኤንፒኤች ጠዋት 20 ማታ 10 ያዘዙላቸው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ቆይተዋል። ነሐሴ 12 ጠዋት 1 ሰዓት 20 ዩኒት ሰጥቻቸው 7 ሰዓት ላይ ስኳራቸው 48 ሆነ፤ ላብና መደናገር ነበራቸው፤ በስኳር ውኃ ተመልሰዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት እኔ በራሴ ግማሽ የሰጠሁባቸውና ያልሰጠሁባቸው አሉ። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት መቆየታቸው ይቀጥላል። መጠኑንና ሰዓቱን ለጾም ቀንና ለፍስክ ቀን ለየብቻ ይወስኑልኝ። ስኳሩ ከስንት በታች ሲሆን መርፌውን ይዤ ልደውል?»

ከዚህ ሁሉ ከአፍሽ ለመውጣት የሚከብደው «እኔ በራሴ ግማሽ የሰጠሁባቸው ቀናት አሉ» የሚለው እንደሚሆን አውቃለሁ። እሱን ካልነገርሽው ግን ሐኪሙ የነሐሴን የስኳር ውጤት ሁሉ የ20 ዩኒት ውጤት አድርጎ ያነበዋል፤ እንደዚያ ሐኪም በጣቱ ጉድጓድ ላይ ይፈርዳል። ቢቆጣሽ ይቆጣሽ።

መልሱን በስልክ ሲነግርሽ ጻፊው፤ ጽፈሽም መልሰሽ አንብቢለት። እዚህ ላይ የእኛን አገር ልማድ የሚያውቅ ብቻ የሚረዳው አንድ አደጋ አለ። ሐኪሞቻችን ቁጥር በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በጆሮ አይለዩም። አንቺ በአማርኛ መልሺው፦ «አሥራ አምስት ነው ያሉኝ፣ ዶክተር? አንድና አምስት?» በአማርኛ አሥራ አምስትና ሃምሳ በምንም አይገናኙም። ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሐኪሙን ስም፣ የራስሽን ስም ጽፈሽ ፈርሚ፤ ሐኪሙም በቀጣዩ ጉብኝቱ አይቶ ይፈርምበት። በወረቀት ላይ ደግሞ «ዩኒት» የሚለውን ቃል በሙሉ ጻፊው። በአንድ የላቲን ፊደል ሲያሳጥሩት ፊደሉ ዜሮ ይመስልና 10 ዩኒት 100 ሆኖ ይነበባል፤ በዚህ ሰው ሞቷል።

ሰዓትን ካነሣሁ አይቀር፣ ትእዛዝ ላይ «8፡00» ተብሎ ከተጻፈ ዝም ብለሽ አትቀበዪ። ሐኪሙ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ተረኛዋ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ብላ ታነበዋለች። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው፤ ለኢንሱሊን ስድስት ሰዓት ማለት ቁርስና ባዶ ሆድ ማለት ነው። «ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት» ብሎ በቃል እንዲጽፍ ለምኚው። የመድኃኒት ማብቂያ ቀንም እንደዚሁ ነው፤ የሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ማሸጊያው ላይ 06/2025 የሚል ካለ በእኛ ሰኔ 2017 ላይ አልፎበታል። በኢትዮጵያ ዓመት የምታነብ ረዳት ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል ብላ መደርደሪያው ላይ ትመልሰዋለች። እኔ ማሸጊያ በተረከብኩ ቁጥር የእኛን ወርና ዓመት በደማቅ ቀለም እጽፍበታለሁ።

ስለ ልጃቸው። ልጅ ነውና ልቡ ይፈራል፤ እናቱ መርፌ ከተወጉ በኋላ እንደ ተደናገሩ ሰምቷል። ከእሱ ጋር አትከራከሪ። ነገር ግን መድኃኒት የማስቆም ሥልጣን የለውም፤ እማሆይ አእምሯቸው ሙሉ እስከ ሆነ ድረስ ስለ ገላቸው የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። «ስጋትህን ለሐኪሙ አደርሳለሁ፤ ከፈለግህ ቀን ቆርጠን ከሐኪሙ ጋር በስልክ አገናኝሃለሁ» በዪው። ደግሞም ጠይቂው፤ ቤተሰብ ሳይነግረን ጠበል ወይም የባህል መድኃኒት የሚያቀብልበት ጊዜ አለ። የሚሰጣቸው ነገር ካለ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

እማሆይስ? እሳቸውን ማን ጠየቃቸው? በጥያቄሽ ውስጥ ሁሉም ተናግሯል፤ እሳቸው ግን «አልቀምስም» ከሚለው ቃል በቀር አልተሰሙም። አልጋቸው አጠገብ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪና ያ 7 ሰዓት ምን እንደ ነበር ንገሪያቸው። እሳቸው አያስታውሱትም ይሆናል፤ በስኳር ማነስ የተደናገረ ሰው ብዙ ጊዜ አያስታውስም። ከዚያ የንስሓ አባታቸውን አስጠሪ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለች፤ ነገር ግን ይህን ከነርስ አፍ ሲሰሙት ፈተና ይመስላቸዋል፤ ከንስሓ አባታቸው ሲሰሙት ሥርዓት ይሆናል። አንድ ጊዜ እንደ እማሆይ ላሉ እናት የንስሓ አባታቸው ከዘጌ በጀልባ መጡ። ቄሱ መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነበር፦ «መርፌውን ስንት ሰዓት ነው የምትሰጪያት? እህልስ መቼ መቅመስ አለባት?» ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ እናታችን ዞረው ጠዋት የጾም ምግብ እንዲበሉ አዘዙ፤ በጾሙ ሰዓት ፈንታ 41 እግዚኦታ ሰጧቸው። እናታችን እያለቀሱ ተቀበሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት በሰሃን ጥቂት እንጀራ በሱፍ ፍትፍት በሉ። እኔም የታዘዘውን ኢንሱሊን በልበ ሙሉነት ሰጠሁ። ለሙስሊም አረጋውያን በረመዳንም እንደዚሁ ነው፤ የታመመ ሰው እንዲያፈጥር ሃይማኖታቸው ይፈቅዳል፤ የሚሰሙትን ሰው አስመጪ፣ ሐኪሙን ደግሞ ረመዳን ሳይገባ አማክሪ።

ይህ ሁሉ ሆኖ አልፈልግም ካሉ አልፈልግም ብለዋል። ጻፊው፣ ለሐኪሙ ንገሪው፣ በሌላ ሰዓት በእርጋታ ጠይቂያቸው። አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጊ፤ እንቢ ያሉትን ክኒን ፈጭተሽ ሽሮ ወይም አጥሚት ውስጥ አትደብቂ። አንደኛ ማታለል ነው፤ አንድ ቀን ያወቁ እንደሆነ ምግቡንም መድኃኒቱንም አንቺንም ይተዋሉ። ሁለተኛ፣ የማይፈጩ ክኒኖች አሉ። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ የኒፌዲፒን ክኒን ተፈጭቶ ሲዋጥ የቀን ሙሉው መድኃኒት በአንዴ ደም ውስጥ ይገባና ግፊቱን ወደ ታች ይጥለዋል። መዋጥ የከበዳቸው ሰው ካሉ ፋርማሲስቱን ጠይቂ፤ ሐኪሙም በሽሮፕ ወይም በሌላ መልክ ይለውጥልሻል።

ከሐኪሙ ጋር ስልክ ላይ ሳለሽ ስለ ኢናላፕሪሉም ጠይቂው። የማይጠጣ ሰው ውኃ ያጥረዋል፤ ውኃ ባጠረው ሰው ላይ የግፊት መድኃኒት ሲጨመር መነሣት መውደቅ ይሆናል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። ግፊታቸውን ጋደም እንዳሉ ለኪ፤ ከተነሡ በኋላም በ3 ደቂቃ ውስጥ ድገሚው። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ የሚነገር ነው። ለጉልበት ሕመም ብሎ ዲክሎፌናክ የሚያቀብላቸው ሰው ካለም ያንኑ ጊዜ ንገሪው፤ ከኢናላፕሪል ጋር ለአረጋዊ ኩላሊት መጥፎ ጥምረት ነው።

ሐኪሙ ስልክ ካላነሣስ ትዪኝ ይሆናል። ያነሣል ብለሽ አትቀመጪ፤ ማን ይተካዋል የሚለው ዛሬውኑ በጽሑፍ ተወስኖ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሌላ ተረኛ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን፣ ቀጥሎ የመጦሪያው ኃላፊ፣ አስቸኳይ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ድንገተኛ ክፍል አላቸው። ስኳሩ ከ70 በታች ሆኖ መዋጥ ለሚችል ሰው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ በ15 ደቂቃ መልሶ መለካት፣ ካልተነሣ መድገም ነው። ኤንፒኤች ከሆነ ግን ስኳር ውኃው ብቻ አይበቃም፤ ኢንሱሊኑ ገና ሰዓታት ስለሚቀሩት ተከትሎ እህል መብላት አለባቸው፤ እስከ ማታም ደጋግመሽ ለኪ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በጎኑ አስተኝቶ አምቡላንስ መጥራት ነው፤ ግሉኮሱ በደም ሥር ይሰጠዋል። ይህንን ሁሉ ሐኪሙ አስቀድሞ እንደ ቋሚ ትእዛዝ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት፤ ያኔ በዚያች ደቂቃ ፈቃድ ፍለጋ ስልክ አትደውዪም።

ዛሬ ማታ ሳትተኚ የምትሠሪው ሥራ አለሽ። የነሐሴን ቅጽ አውጥተሽ የሰጠሽውን በሰጠሽው ልክ ጻፊ፤ ግማሽ ከሆነ ግማሽ፣ ካልሰጠሽ አልተሰጠም፣ ምክንያቱንም። የተጻፈውን በነጭ ቀለም አትሸፍኚ፤ አንድ መስመር አስምረሽበት ትክክሉን ከጎኑ ጽፈሽ የዛሬውን ቀን አድርገሽ ፈርሚ። ለኃላፊሽም ብቻዋን ስትሆን በአክብሮት ንገሪያት። እሷም የፈራችው ነርሶች እንደ መሰላቸው የሚሰጡበት ቤት እንዳይሆንባት ነው፤ ፍርሃቷ ትክክል ነው። የጎደላት «ደውዪ» የሚለው ቃል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ትእዛዝ ማለት መርፌና ክኒን ብቻ አይደለም። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ «በየ2 ሰዓቱ አገላብጡ» የሚለው መስመርም የሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ግን እሱን የዘለለ ማንም አይከሰስም። መጦሪያ ስገባ ካርድ ከመክፈቴ በፊት በእግር በኩል ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ ተረከዝ አያለሁ። ተረከዙ ቀልቶ በጣት ሲጫኑት ቅላቱ የማይጠፋ ከሆነ ያ ቅጽ በምልክት ቢሞላም አላምነውም። «ሲያስፈልግ» ተብሎ የታዘዘ የእንቅልፍ መድኃኒትም እንደዚሁ ዓይን ይፈልጋል። አንድ አባት ሌሊት ሲጮኹ ዲያዜፓም ሊሰጣቸው ተዘጋጅቶ ሳለ ሆዳቸውን ብነካ ፊኛቸው እንደ ኳስ ተወጥሯል፤ ካቴተራቸው፣ የሽንት ቱቦው፣ ተዘግቶ ነበር። አለማስፈለጉን ያየሁት በእጄ ነው።

አሁን ጳጉሜን እየገባች ነው። ለ30 ቀን ተብሎ የተሰጠሽ መድኃኒት ነሐሴ 30 ካለቀ የሚቀጥለው መስከረም 1 ነው ብለሽ አምስት ቀን ባዶ እንዳትቀሪ፤ በየዓመቱ መስከረም መባቻ ላይ ግፊታቸው ተሰቅሎ የሚመጡ አረጋውያን አያለሁ፤ ሲጠየቁ ብዙዎቹ መድኃኒታቸው ጳጉሜን ላይ አልቋል። ኢንሱሊኑንም ተመልከቺ፤ የተከፈተ ብልቃጥ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ4 ሳምንት በላይ አይቆይምና የተከፈተበትን ቀን ጻፊበት። ደግሞም እማሆይ መነኩሲት ናቸው፤ ጾመ ጽጌን ይጾማሉ። መስከረም 26 ይገባል፣ ኅዳር 5 ያበቃል፤ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይጀምራል። የንስሓ አባታቸውንና ሐኪሙን ከመስከረም 26 በፊት አገናኚያቸው፤ የጾም ቀን ትእዛዙ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ካርዱ ላይ ከፊት ገጽ ይሰካ።